የነጩ ግንብ ነገር

ጳጳሱ ወፍራም ነበሩ። ነገሩን ከዚህ ልጀምረው፤ ውፍረታቸውን ከረሳችሁ የታሪኩ ግማሽ ይጠፋችኋል።

ስማቸው ራኑልፍ ፍላምባርድ ይባላል። በእንግሊዝ አገር የደርሃም ጳጳስ ናቸው፤ ጵጵስናው ሳይበቃቸው የንጉሡም ዋና ግብር ሰብሳቢ ነበሩ። ግብር ሰብሳቢን ማን ይወዳል? ንጉሡ ነበር የሚወዳቸው። እሱ አደን ላይ ሳለ በቀስት ተመትቶ ሲሞት ወንድሙ ቀዳማዊ ሄንሪ ነገሠ፤ ነግሦም ብዙ ሳይቆይ ጳጳሱን አሰራቸው። ዘመኑ 1100 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፣ እንዳይምታታባችሁ።

የታሰሩት ለንደን ውስጥ፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ግንበኞቹ በቅርቡ በጨረሱት ትልቅ የድንጋይ ግንብ ነው። እስር ይባል እንጂ ድግስ ነበር። ለቀለባቸው በቀን ሁለት ሽልንግ ተቆርጦላቸዋል፤ ለዚያ ዘመን ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ወዳጆቻቸውም ከውጭ ይልካሉ። ገበታው ሰፊ ነው፤ ጠባቂዎቹም ከገበታው ይቀርባሉ። በ1101፣ ፌብሩዋሪ ሲጠባ፣ አንድ ምሽት የወይን ጠጅ ማሰሮ ተላከላቸው። ከወይኑ ሥር ገመድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጠባቂዎቹ ጠጡ፤ ሰከሩ፤ ማንኮራፋት ጀመሩ። ይኼኔ ጳጳሱ ገመዱን አወጡና በመስኮቱ መካከል ባለችው የድንጋይ ዐምድ ላይ አሰሩት። የጵጵስና በትራቸውን እንኳ ትተው አልሄዱም፤ እሱን ይዘው ወጡ።

ጓንት ግን ረሱ። ገመዱ መዳፋቸውን እስከ አጥንት ላጠው ይላል፣ ታሪኩን የጻፈው መነኩሴ ኦርደሪክ ቪታሊስ። ገመዱ ደግሞ አጠረ። የቀረችውን መንገድ ጳጳሱ ያለ ገመድ ወረዷት፤ ውፍረታቸውን አትርሱ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ወዳጆቻቸው ፈረስ ይዘው ከታች ይጠብቁ ነበር፤ እያቃሰቱ ጫኗቸው። ከዚያም በመርከብ ወደ ኖርማንዲ። የግንቡ የመጀመሪያ እስረኛ ተብለው የሚታወቁት እኚህ ናቸው፤ የመጀመሪያው አምላጭም እኚሁ ናቸው።

እንግዲህ ይህን ግንብ አስቡት። ከውጭ ለሚመጣ ጠላት የተሠራ ነው፤ ለውስጡ ሰው ያሰበ አልነበረም። ነገሩ ወደፊትም ስለሚደጋገም ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በ1066 ባሕር ተሻግሮ የእንግሊዙን ንጉሥ ሄስቲንግስ ላይ ገደለና በዚያው ዓመት በፈረንጆቹ የገና ዕለት ዘውድ ጫነ። ዘውድ መጫን አንድ ነገር ነው፤ ለንደንን መግዛት ሌላ ነገር ነው። ከተማው ትልቅ፣ ሕዝቡ የማይወደው፣ ቋንቋው ሌላ። ስለዚህ ሮማውያን ትተውት በሄዱት አሮጌ የከተማ ቅጥር ማዕዘን ላይ መጀመሪያ የእንጨት ምሽግ አቆመ። ከአሥር ዓመት በኋላ ገደማ ደግሞ ድንጋይ በድንጋይ ላይ መቆለል ተጀመረ። ሥራውን የመሩት የሮቸስተሩ ጳጳስ ጉንዱልፍ ናቸው፤ በጸሎት ላይ እንባቸው የማይቆም መነኩሴ ነበሩ ይባላል። የሚያለቅሱ መነኩሴ አገር የሚያስለቅስ ግንብ ሠሩ። ምርጡን ድንጋይ ከኖርማንዲ፣ ከካን ከተማ፣ በመርከብ ነው ያመጡት፤ የቀረውን ከቅርብ፣ ከኬንት። ዊልያም ግንቡ ሲያልቅ አላየም፤ በ1087 ሞተ።

ልኩን ልንገራችሁ። በአንድ ጎን 36 ሜትር፣ በሌላው 32 ሜትር ገደማ፣ ወደ ላይ 27 ሜትር። ከታች በኩል የግድግዳው ውፍረት አራት ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ አንዲት ትንሽ መኪና አፍንጫዋን አስቀድማ ግድግዳው ውስጥ ብትገባ ኋላዋም አይታይም። በሩ መሬት ላይ አይደለም፤ አንድ ፎቅ ያህል ከፍ ብሎ ነው። ወደ በሩ የሚያወጣው ደረጃ ከእንጨት ነው፤ ጠላት ሲመጣ አፍርሶ ማንሳት ነው፣ በቃ፣ ግንቡ በር የለውም ማለት ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ የውኃ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ከላይ አዳራሽ አለ፣ እልፍኝ አለ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ስም የተሠራ ወፋፍራም ዐምዶች ያሉት ጸሎት ቤት አለ።

አንዲት ተንኮል ደግሞ አለች፤ እኔ ከሁሉ የምወዳት እሷን ነው። ከውጭ ሆናችሁ ስትቆጥሩ የላይኛው የመስኮት ረድፍ አንድ ሙሉ ፎቅ ይመስላል። ግን ፎቅ አልነበረም። ጣሪያው ዝቅ ብሎ በግድግዳዎቹ መሃል ተደብቆ ነበር፤ ከላይኛዎቹ መስኮቶች ኋላ ያለው ሰማይና ዝናብ ነው። ግድግዳውን ያለ ጣሪያ ከፍ ያደረጉት ለንደን ቀና ብላ እንድታይ ነው። ይህ ለአራት መቶ ዓመት ያህል ቆየ። ጣሪያው ከፍ ብሎ እውነተኛ ፎቅ የገባበት በ1490 ገደማ ነው፤ ይህንንም ያወቁት በጣሪያው እንጨት ውስጥ ያሉትን የዕድሜ ቀለበቶች ቆጥረው ነው።

ኖርማኖቹ እንዲህ ያለውን ዋና ግንብ ‹ዶንዦን› ይሉት ነበር፤ የጌትነት ቤት እንደ ማለት። ቃሉ እንግሊዝኛ ውስጥ ሲኖር ሲኖር ከሰገነቱ ወርዶ ወርዶ ምድር ቤት ደረሰ፤ ዛሬ ‹ደንጀን› ቢሏችሁ ጨለማ ወህኒ ማለታቸው ነው። የግንቡ የስም ቦታ ክፍት ሲሆን ‹ኪፕ› የሚል ሌላ ቃል ገባ። ‹ኪፕ› ማለት ደግሞ ማኖር፣ ማቆየት፣ መጠበቅ ነው። ነጩ ግንብ ከዚያ በኋላ የኖረው ኑሮ በዚህች ቃል ውስጥ አለ፤ አንድ ነገር የት እንደሚያኖሩት ሲቸግራቸው እዚያ ያስገቡታል።

ነጭ የሆነው በሣልሳዊ ሄንሪ ዘመን ነው። ይህ ንጉሥ ጌጥ ወዳድ ነበር። በ1240 ግንቡ ከላይ እስከ ታች በኖራ እንዲለሰን አዘዘ። ኖራው ከተቀባ በኋላ የጣሪያው ውኃ እየተንጠባጠበ እንዳያቆሽሸው የእርሳስ አሸንዳዎቹ እስከ መሬት እንዲወርዱም አዘዘ። አስፈሪው ግንብ እንደ ሙሽራ ልብስ መጠበቅ ጀመረ። ኖራው ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ስሙ ግን ነጩ ግንብ፣ ኋይት ታወር፣ እንደተባለ ቀረ። በዙሪያው ቅጥርና ሌሎች ግንቦች እየተጨመሩ ዛሬ የለንደን ግንብ የሚባለው ግቢ ሆነ።

በዚያው ንጉሥ ዘመን፣ በ1252፣ ከኖርዌይ ንጉሥ አንድ ነጭ ድብ በስጦታ መጣ። ድቡ ግቢው ውስጥ እንዲኖር ሆነ፤ ወጪው ግን በለንደን ሹሞች ላይ ተጣለ። ምግቡን፣ የአፍ ልጓሙንና ሰንሰለቱን ገዙ፤ ቴምዝ ወርዶ ዓሣውን ራሱ እንዲያጠምድ ደግሞ ረጅምና ጠንካራ ገመድ። ድቡ ከጳጳሱ የተሻለ ገመድ አገኘ።

ገመድ ካነሳን ግሪፊዝን እንዴት እንዘላለን? ግሪፊዝ የዌልስ ልዑል ነው፤ ወንድሙ በ1241 ለእንግሊዝ ንጉሥ አሳልፎ ሰጥቶት እዚሁ ግንብ ታሰረ። በ1244፣ ማርች 1 ቀን፣ የአልጋ አንሶላውን፣ የገበታ ልብሱን፣ የግድግዳ መጋረጃውን ቀጣጥሎ ገመድ ሠራ። እሱም ወፍራም ነበር። የጳጳሱ ገመድ አጥሮ ነበር፤ የዚህ ግን ተበጠሰ። ማቲው ፓሪስ የሚባል መነኩሴ ታሪኩን ሲጽፍ በብራናው ኅዳግ ላይ ሥዕሉን ጨመረ፦ ግንቡ ቆሟል፣ ሰውየው በጭንቅላቱ ተዘቅዝቆ ይወርዳል፣ ከላይ ገመዱ ተንጠልጥሏል። አንገቱ ትከሻው ውስጥ ገብቶ ተገኘ ይላል።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከውጭ የመጣው ጠላት የት አለ? መጣ፤ በ1381። ጠላትም አልነበረም፣ የገዛ ገበሬው ነው። በነፍስ ወከፍ የተጣለው ግብር ያስመረረው የኬንትና የኤሴክስ ሕዝብ ለንደን ገባ። ንጉሡ ዳግማዊ ሪቻርድ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ጁን 14 ቀን ሕዝቡን ለማነጋገር ማይል ኤንድ ወደሚባል ሜዳ ወጣ። እሱ ሲወጣ ሌሎች አመፀኞች ወደ ግንቡ ገቡ። አራት ሜትር ተኩል ውፍረት፣ ቅጥር፣ የውኃ ቦይ፣ ወታደር፤ አንዱም አልሠራም። የተኮሰም የመከተም የለም፤ በሩ ክፍት ሆኖ ነው የተገኘው። ገበሬዎቹ የወታደሮቹን ጢም እየዳበሱ ተሳለቁባቸው፣ በንጉሡ አልጋ ላይ ተጋደሙ ይላል የዘመኑ ጸሐፊ ቶማስ ዋልሲንግሃም። ሊቀ ጳጳሳት ሳይመን ሰድበሪ ለመንግሥት ዋና አማካሪም ነበሩ፤ ከገንዘብ ሹሙ ጋር በነጩ ግንብ ጸሎት ቤት ሲጸልዩ ተያዙ። ውጭ፣ ኮረብታው ላይ አውጥተው አንገታቸውን ቀሏቸው። ለሊቀ ጳጳሳቱ ስምንት ምት አስፈልጎ ነበር። ራስ ቅላቸው እስከ ዛሬ በተወለዱባት ሰድበሪ ከተማ፣ በቅዱስ ጎርጎርዮስ ቤተ ክርስቲያን ይታያል።

ከዚያ ወዲያ ነገሥታቱ ግንቡን እንደ መኖሪያ እየቀነሱ፣ እንደ ሣጥን እየጨመሩ ሄዱ። በ1415 አዠንኩር ላይ የተማረከው የፈረንሳይ መስፍን ሻርል ዶርሌያን እንግሊዝ ውስጥ 25 ዓመት ታሰረ፤ ከታሰረባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ግቢ ነው። ሰውየው ገጣሚ ነበር። ከሞተ በኋላ በተጻፈ የግጥሙ ብራና ላይ ነጩ ግንብ ከነኖራው ተሥሏል፤ መስፍኑም በአንድ ሥዕል ውስጥ ደጋግሞ አለ፦ ተቀምጦ ይጽፋል፣ በመስኮት ይመለከታል፣ ደጅ ወጥቶ ደብዳቤ ይሰጣል። ከመስኮት የሚያየውንና የሚጽፈውን ሰው አንድ ላይ ስታዩ፣ እስር ቤት ቀኑ ምን ያህል እንደሚረዝም ይገባችኋል።

የሁለቱን ልጆች ነገር ባጭሩ ልለፈው፣ ያስጨንቀኛል። በ1483 የ12 ዓመቱ ንጉሥ አምስተኛው ኤድዋርድና የ9 ዓመት ወንድሙ ሪቻርድ ወደ ግቢው ገቡ፤ አጎታቸው ነገሠ፤ ልጆቹ ዳግም አልታዩም። በ1674 ሠራተኞች ከነጩ ግንብ ጋር የተያያዘ ደረጃ ሲያፈርሱ፣ ከመሬት ሥር ሦስት ሜትር ያህል ወርደው፣ የሁለት ልጆች አፅም ያለበት የእንጨት ሣጥን አገኙ። ንጉሡ ዳግማዊ ቻርልስ የእነሱ ነው ብሎ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን አስቀበራቸው።

አሁን ወደ ወደድኩት ክፍል ደረስን። ወረቀትና ባሩድ።

የእንግሊዝ ነገሥታት የብራና ጥቅሎቻቸውን፣ ማለትም ርስት ለማን እንደተሰጠ፣ ማን ምን እንደተፈረደበት የሚናገረውን ሁሉ፣ የሚያኖሩበት ሲያጡ ወደዚሁ ግቢ አመጡት። የቅዱስ ዮሐንስ ጸሎት ቤት ጸሎቱ ቀርቶ መዝገብ ቤት ሆነ። ሰድበሪ የተንበረከኩበት ወለል ላይ ጥቅል ብራና ተከመረ። በዚያው ሕንፃ፣ በዚያው ጣሪያ ሥር ደግሞ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱ ባሩዱን ያስቀምጣል፤ በሺህ የሚቆጠር በርሜል። የመንግሥት ትዝታና የመንግሥት ባሩድ አንድ ቤት ውስጥ! በሌሊት መብራት ይዞ የሚዞር ዘበኛ ስንት ጊዜ ተማትቦ ይሆን? በ1666 ለንደን ስትቃጠል እሳቱ ወደ ግቢው ሲጠጋ ዙሪያውን ያሉትን ቤቶች አፍርሰው ነው መንገዱን የዘጉበት። ያፈረሷቸው በምን መሰላችሁ? በባሩድ።

ለመዝገቦቹ የተሾመው ሰው ዊልያም ፕሪን ይባላል። ፕሪን ጠበቃ ነው፣ ሲጽፍ የማይደክመው፣ ሲቆጣ የማይበርድለት። በ1633 ቴያትርን የሚያወግዝ ትልቅ መጽሐፍ አወጣ፤ ንግሥቲቱ ቴያትር ትወድ ስለነበር እሷን ሰደበ ተባለ። ታሰረ፤ ያሰሩትም በለንደን ግንብ ነው። ጆሮዎቹን ቆረጧቸው። አላረፈም፣ ደግሞ ጻፈ። በ1637 ከጆሮው የተረፈችውን ቆረጡና ጉንጩ ላይ በጋለ ብረት የስም አጥፊነት ምልክት አተሙበት። ዘመን ተገለባበጠ፤ ያን ያደረገበት ንጉሥ አንገቱ ተቆረጠ። በ1660 ልጁ ዳግማዊ ቻርልስ ነገሠና ለጆሮ አልባው ሰው በግንቡ ያሉትን መዝገቦች ይጠብቅ ዘንድ ሹመት ሰጠው። በአንድ ወቅት እስረኛው የነበረበትን ግቢ ቁልፉን ያዘ ማለት ነው።

ፕሪን ወደ ነጩ ግንብ ጸሎት ቤት ወጣ። ያን ጊዜ ሰዉ ግንቡን የሠራው ዩልየስ ቄሳር ነው ብሎ ያምን ስለነበር ቦታውን የቄሳር ጸሎት ቤት ይሉታል፤ ቄሳር ከግንቡ በፊት አንድ ሺህ ዓመት አልፎት የሞተ ነው፣ ግን ለወሬ ምን ይሳነዋል። ውስጡ ያየው ክምር ነው፤ የሸረሪት ድር፣ ትቢያ፣ የበሰበሰ ብራና። ወታደሮችና ሴቶች ቀጥሮ ማስወጣት ጀመረ። እነሱም ሰለቹና ትተውት ሄዱ። ጸሐፊዎቹን ጠራ። ጸሐፊዎቹ ጣታችን ይቆሽሻል፣ ልብሳችን ይበላሻል፣ ዓይናችንና ጤናችን ይጎዳል ብለው እንቢ አሉ። እንግዲህ በ60 ዓመት ዕድሜው ዳር የሆነው ሽማግሌ ራሱ እጅጌውን ሰብስቦ ገባ፤ ክምሩን እያገላበጠ ለይቶ፣ አንብቦ፣ ስለ ፓርላማ ታሪክ የሚናገሩ ጥቅሎችን አወጣ። እኔ ይህን ሰው ብዙም አልወደውም፤ በሕይወቱ ያልተሳደበው የለም። በዚያ ትቢያ ውስጥ ስገምተው ግን ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ።

ብራናዎቹ ከጸሎት ቤቱ ጠቅልለው የወጡት በ1858 ነው፤ ቻንስሪ ሌን ላይ ለመዛግብት ብቻ ወደ ተሠራ ቤት።

ከፕሪን ዘመን ሌላም የሚያስቅ አለ። ሳሙኤል ፔፒስ የሚባል የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ሹም፣ የዕለት ማስታወሻው ዛሬም የሚነበብ ሰው፣ በ1662 ከነጩ ግንብ አጠገብ ባለ ምድር ቤት ወርቅ ሲያስቆፍር ከረመ። የቀድሞው የግንቡ አዛዥ ከመሞቱ በፊት ሰባት ሺህ ፓውንድ በቅቤ በርሜሎች አድርጎ ቀብሯል የሚል ወሬ ነበር። ቆፈሩ። ደግመው ቆፈሩ። በክረምቱም አትክልት ቦታውን ቆፈሩ። ቅቤውም ወርቁም የለም። ከ17 ዓመት በኋላ ፔፒስ ራሱ በሐሰት ተወንጅሎ በዚያው ግቢ ታሰረ፤ ለመቆፈር ጊዜ ነበረው።

በ1675 ጸደይ ደግሞ ወጣቱ ጆን ፍላምስቲድ ከአራቱ የማዕዘን ሰገነቶች በአንዱ መሣሪያውን አቁሞ ከዋክብትን ይለካ ነበር። በጦር መሣሪያ ክፍሉ ሹም የነበረው ሰር ጆናስ ሙር ወዳጁ ስለነበር ነው ማረፊያ የተሰጠው። ከታች ባሩድ፣ መሃል ላይ ብራና፣ ከላይ የከዋክብት ተመልካች። ቦታው ግን አልመቸውም፤ በዚያው ዓመት ግሪኒች ኮረብታ ላይ የመመልከቻው ቤት መሠረት ተጣለለት። በግቢው የሚኖሩት ቁራዎች ጥለው ከሄዱ መንግሥቱ ይወድቃል፣ ፍላምስቲድንም ያስወጡት እነሱ ናቸው የሚለውን ተረት ሰምታችሁ ይሆናል። ቁራዎቹ በግቢው መኖራቸው በሥዕል የሚገኘው ግን ከ1883 ጀምሮ ነው።

ባሩዱም ወጣ፣ ብራናውም ወጣ። የቀረው ብረት ነው። ከ300 ዓመት በላይ ለሕዝብ ሲታይ የኖረው የነገሥታቱ ሰልፍ፣ ማለትም ከእንጨት በተቀረጹ ፈረሶች ላይ የተሰለፈው የነገሥታት ጥሩር፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወደ ነጩ ግንብ ገባ። የስምንተኛው ሄንሪ ጥሩር በ1540 የተሠራ ነው፤ ወገቡ ሰውየው የበላውን ሁሉ ይናገራል። ጳጳስ ፍላምባርድ ቢያዩት ይዘመዱት ነበር።

በ1974፣ ጁላይ 17 ቀን፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ አሮጌ መድፎች በሚታዩበት ክፍል፣ አንድ ቦምብ ፈነዳ። ክፍሉ በጎብኚ ተጨናንቆ ነበር። አንዲት ሴት ሞተች፣ 40 ያህል ሰው ቆሰለ፣ ከመካከላቸው ሕፃናት አሉ። ያ ሁሉ ባሩድ በዘመኑ ያላደረገውን አንድ የተደበቀ ቦርሳ የሚያህል ነገር አደረገው። ግድግዳው ቆሞ ቀረ።

ከ2008 እስከ 2011 ሦስት ዓመት ሙሉ የውጭ ግድግዳውን አጠቡት። የከተማው ጭስና ጥላሸት ሲለቅ የካን ድንጋይ ገረጣ ብሎ ወጣ። ሣልሳዊ ሄንሪ ቢያየው ኖራ ጨምሩ ይል ነበር።

ዛሬ ሄዳችሁ ብትገቡ የምትገቡት በዚያው በድሮው በር ነው፤ ከመሬት ከፍ ባለው። ወደ በሩ የሚያወጣው ደረጃ እንደ ጥንቱ ከእንጨት ተሠርቷል። ጠላት ሲመጣ እንዲነሳ ታስቦ የነበረው ደረጃ ላይ ከየአገሩ የመጣ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ሕፃን የታቀፈ አለ፣ ቲኬቱን በጥርሱ የያዘ አለ፣ ከላይ ቆሞ እባካችሁ በቀኝ በኩል ያዙ የሚል ዘበኛ አለ።